ቢጫዋ ሴትዮ እና የሳሎናችን መስኮት

ጠዋት ጠዋት ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ሳሎን መሀል ቡጢ እሰነዝራለሁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ልቀጥል። የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ደንበኛ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ባልደረባዬ "እስቲ ክንድሽን" ብላ ለጨዋታ ያህል ደም ግፊቴን ለካችኝና ፊቷ ተለዋወጠ። ደግማ ለካች። ሦስተኛም ለካች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ ውስጥ ያለችው ቀጭን ልጅ ቡጢ ስትል ቡጢ፣ ርግጫ ስትል ርግጫ ነኝ። የምትጮኸው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ቡጢ አስተርጓሚ አይፈልግም።

መስኮቱን ከፍቼ ነው የምሠራው፤ የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን የእናቴ ክፍል በር ሲጢጥ ይላል። እናቴ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ቀኝ እግሯን እየጎተተች፣ ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ ትመጣለች፤ መስኮቱን ትዘጋና መቀርቀሪያውን ትጥላለች። "ላብ ላይ ነሽ ልጄ፣ ንፋስ እንዳይመታሽ" ትልና ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል እኔ ክንዴን እንዳነሳሁ ደርቄ እቀራለሁ። ቤቱ ያው የልጅነቴ ቤት፣ መቀርቀሪያውም ያው መቀርቀሪያ ነው። አንድ ቀን፣ የአሥር ዓመት ልጅ እያለሁ፣ በኔ እጅ ወድቋል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የቪሲዲ ዘመን ልጆች ከሆናችሁ ታስታውሳላችሁ። ዲስኩ ሲንተፋተፍ ከዴኩ አውጥተን በትንፋሻችን እፍፍ ብለን በቀሚሳችን ጫፍ እንወለውለው ነበር። ከቤት ውጪ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የፓፓያ ቅጠል ዘንግ ቆርጠን ሳሙና ውስጥ እየነከርን አረፋ መንፋት። ቤት ውስጥ ደግሞ ያ ከቴሌቪዥኑ በላይ በዳንቴል ተሸፍኖ እንደ ሙሽራ የሚቀመጠው ዴክ። እኛ ቤት መዝሙርና ስብከት ነበር የሚታይበት። አባዬ አስተማሪና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ እናቴም አስተማሪና የእናቶች መዘምራን አባል ስለነበረች ሌላ ነገር ሲከፈት ድምፁ ቀነስ ይደረጋል።

እናቴ ያኔ አርባ ሦስት ልትደፍን ጥቂት ወራት ነበር የቀሯት። ይህን የማውቀው ስለምትቆጥር ነው። የእሷ እናት፣ እኔ ያላየኋት አያቴ፣ በአርባ ሦስት ዓመቷ ወለንጪቲ ገበያ ውስጥ ሽንኩርቷን ዘርግታ እንደተቀመጠች "ወይ ራሴን" አለች፣ አለቀ። ሌላ ቃል አልወጣትም። እናቴ ይህን ታሪክ ስትነግረን ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። ገበያ ስንሄድ በሽንኩርት ሻጮቹ አጠገብ አታልፍም። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቷ አንድ የጤና ባለሙያ መጥቶ መምህራኑን በየተራ ሲለካ "ቲቸር፣ ደም ብዛት አለብሽ። ክብደትሽን ቀንሺ፣ ኪኒን ጀምሪ" አላት። ክብደቱን ሰማች። ኪኒኑን ግን፣ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው እንደሚለው፣ "አንዴ ከተጀመረ መቼ ይቆማል" ብላ ተወችው።

ታዲያ እንዴት ይቀነስ? ሱሪ ለብሳ አስፋልት ላይ እንዳትሮጥ የሽማግሌ ሚስት ናት፤ እሁድ ምን ሊባል እንደሚችል እናንተው ገምቱ። መፍትሔው አብራት ከምታስተምር ሴት መጣ፤ እህቷ ከዓረብ አገር የላከችላትን ዲስክ አዋሰቻት። ሽፋኑ ጥቁር ነው። መሀሉ ላይ ቢጫ ሱሪ ያደረገች፣ ቀይ የቦክስ ጓንት ያጠለቀች ሴትዮ አንድ እግሯን እስከ ጆሮዋ አንስታ አፍጥጣ ታያችኋለች። ካራቴም አይደለም፣ ዳንስም አይደለም። ሙዚቃው ዱም ዱም ይላል፣ ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች በአንድ ላይ ቡጢ ይሰነዝራሉ፣ ጉልበታቸውን ያነሳሉ፣ አየሩን ይረግጣሉ። ስሟን ስለማናውቅ "ቢጫዋ" አልናት። አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት መነጽሩን አውልቆ "ይቺ ሴትዮ ማንን ነው እንዲህ የምትደበድበው?" አለ።

እናቴ ቡጢዋን ሳታቆም "ሰይጣንን!" አለችው።

"እንግዲያስ በርቺ፣ ጌታ ይርዳሽ" ብሎ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ የተሳቀበት ምሽት ትዝ አይለኝም።

በሳምንት አራት ቀን፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ እኔና እናቴ ከቢጫዋ ጋር እንሰለፍ ነበር። ሶፋው ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ መጋረጃው ጥርቅም ይደረጋል። እናቴ ቀሚሷን አውልቃ የአባዬን የስፖርት ሱሪ ታደርግና ሆዷን በላስቲክ ትጠቀልላለች፤ በላዩ ላይ ወፍራም ሹራብ። አዎ፣ አዳማ ላይ፣ በሚያዝያ! ላብ ማለት የቀለጠ ጮማ ነው ብላ ነበር የምታምነው፤ የማያምን ሰውም አላውቅም ነበር። ስትጨርስ ላስቲኩን ስትፈታው ከውስጡ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። "እዪው ሊዱ፣ እዪው ጮማው ሲወርድ!" እያለች በደስታ ታሳየኝ ነበር። የጋለው ዴክ ሽታ፣ የላስቲኩና የላቧ ሽታ፣ ከላያችን የቆርቆሮው ጣሪያ እየሰፋ ጧ ጧ ሲል አሁንም በአፍንጫዬና በጆሮዬ አለ። ወደ ኋላ መቁጠር ያስተማረችኝም ቢጫዋ ናት፤ "ኤይት፣ ሰቨን፣ ሲክስ" እያለች ስትወርድ አብሬያት እወርዳለሁ።

እናቴን እንደዚያ ወድጃት አላውቅም። ክፍል ውስጥ አርባ ልጅ በዓይኗ ዝም የምታሰኝ ሴት፣ ከኔ ጋር ቡጢ ስትሰነዝር ፀጉሯ ተበታትኖ እንደ እኩያዬ ትሆን ነበር። ርግጫዋ ከጉልበቷ አያልፍም፤ እኔ ከፍ አድርጌ ስረግጥ "ምቀኛ!" ትለኛለች። በሁለት ወር ቀሚሶቿ ሰፏት። ልታመልጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ከምን እንደሆነ በደንብ ባላውቀውም፣ ከዚያ ገበያ ልታመልጥ ነው።

አዳዳ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። አዳዳ የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ ለዓይኗ ሕክምና ከሁሩታ ወርዳ ሁለት ሳምንት እኛ ጋ ተቀመጠች። አንድ ቀን ከክፍሏ ብቅ ስትል እናቴ አየሩን ስትረግጥ ደረሰች። እኔ ቁጣ ነበር የጠበቅኩት፤ አዳዳ ግን ሶፋው ላይ ተቀምጣ በአንዱ ደህና ዓይኗ እስከ መጨረሻው አየች። ሱሪውን ምንም አላለችም፤ ጩኸቱንም ምንም አላለችም። እናቴ ጨርሳ መስኮቱን ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ ግን እንደ ተኮሱባት ዘላ ተነሳች። "ያ ዋቅ! ቂሌንሳ! ላብሽ ሳይደርቅ ንፋስ ልታስገቢ ነው? ዝለዪ፣ ርገጪ፣ አልከለከልኩሽም። ግን ላብ ላይ ንፋስ ከገባ ሰው አትሆኚም!"

ከዚያ ወደኔ ዞረችና ታሪክ ነገረችን። የሁሩታ ሰው ነው፣ ጎረቤቷ፣ ጠንካራ ገበሬ። አውድማ ላይ ሲወቃ ውሎ ላቡ እየወረደ ዛፍ ሥር ሄዶ ደረቱን ለንፋስ ሰጠ። ማታ አፉ ወደ ጆሮው ሄደ። እሁድ ሳይደርስ ተቀበረ። አዳዳ አፉ እንዴት እንደሄደ በራሷ አፍ አጣማ አሳየችኝ። ያን ፊት ለብዙ ሌሊት በሕልሜ አይቼዋለሁ። ልትሄድ ስትል ጆሮዬን ያዝ አድርጋ "ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እናትሽ አትሰማም። አንቺ ነሽ ጠባቂዋ። ላብ ላይ እያለች መስኮት እንዳይከፈት፣ እሺ?" አለችኝ።

"እሺ አዳዳ" አልኩ። ልጅ አደራ ሲቀበል ቀልድ የለውም።

ከዚያ በኋላ መስኮቱ የሚዘጋው ለሰው ዓይን ብቻ ሳይሆን ለንፋስም ሆነ። አባዬ የገዛው ቬንትሌተር እንኳ ያው ንፋስ ነው ተብሎ አልጋ ሥር ገባ። እናቴ አንዳንዴ በርግጫ መሀል ቆም ትልና አውራ ጣቷን ሰረሰሯ ላይ ትጫናለች። "ምነው እማዬ?" ስላት "ትንሽ ራሴን ነው፣ ቀጥዪ" ትላለች። አንድ ቀን ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አድርጋ "ሊዱ፣ ቢጫዋ ሁለት ሆነች እንዴ?" አለችኝ። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ዛሬ በየቀኑ የደም ግፊት መድኃኒት እየሸጥኩ፣ "ብዥ ይልብሻል? ሁለት ሁለት ያሳይሻል?" ብዬ ሰው እየጠየቅኩ፣ ያ ሳቄ ትዝ ባለኝ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ያ ቅዳሜ ገና ከጠዋቱ ደስ አይልም ነበር። አባዬ ለቅሶ ሊደርስ ደራ ሄዷል። አዳዳ ወደ ሁሩታ ከተመለሰች ሳምንት ሆኗታል። ውጪ ያ የከተማችን የሚያዝያ ንፋስ ተነስቶ አዋራውን እያዞረ የጎረቤትን ቆርቆሮ ያንቀጫቅጫል። የጋሪ ፈረሶች እንኳ ፊታቸውን ወደ ግንብ አዙረው ቆመዋል። እናቴ የልጆች ፈተና ስታርም አርፍዳ ዓይኗ ቀልቷል፤ ምሳም በቅጡ አልበላችም። "ዛሬ ይቅርብን" ብላት ኖሮ! ግን ቅዳሜ ለኔ የቢጫዋ ቀን ነበር፤ ዲስኩን እፍ ብዬ፣ ወልውዬ፣ ዴኩ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ።

ላስቲኩን ጠቀለለች፣ ሹራቡን ለበሰች፣ ጀመርን። ከሩቡ ስንደርስ ቆመች። "ዛሬስ አፈነኝ" አለች። ሄዳ መስኮቱን አንድ መዳፍ ያህል ከፈተችና ተመልሳ ፊቷን ወደ ቢጫዋ አዞረች። መጋረጃው ከኋላዋ መተንፈስ ጀመረ። ይነፋል፣ ይሟሽሻል፣ ይነፋል። የሹራቧ ጀርባ በላብ ጠቁሯል። ያ ንፋስ በቀጥታ እሱ ላይ ነበር የሚሄደው። የአዳዳ ጠማማ አፍ ፊቴ ድቅን አለ። ብናገር "ተይኝ" ትለኛለች፤ አደራው ደግሞ የኔ ነው። በጣቶቼ ጫፍ እየተራመድኩ ሄጄ መስኮቱን ገፋ አድርጌ መቀርቀሪያውን ጣልኩ። ቀጭ። ሙዚቃው ስለሚጮህ አልሰማችም። ተመልሼ አጠገቧ ቆምኩና ቡጢ መሰንዘር ቀጠልኩ። የተሰማኝን ልንገራችሁ? ኩራት ነበር። እናቴን ከሞት አዳንኩ ብዬ ነበር።

ቢጫዋ አላረፈችም። ግራ፣ ቀኝ፣ ጉልበት። ክፍሉ እየጠበበ፣ አየሩ እየወፈረ ሄደ። የእናቴ ቡጢ ከአገጭ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ሆድ ወረደ። ፊቷ የበሰለ ቲማቲም መሰለ። ወደ ኋላ ሳትዞር "ሊዱ" አለችኝ፤ ምላሷ የከበዳት ይመስል ነበር። "መስኮቱ ክፍት ነው አይደል?"

"አዎ፣ ክፍት ነው" አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እንዳትቆጣኝ ይሆናል። እንዳትከፍተው ይሆናል። "ታዲያ ምነው አየር አጣሁ" አለች፣ ለራሷ። ቢጫዋ "ኤይት፣ ሰቨን" ማለት ጀመረች። እኔም አብሬ መውረድ ጀመርኩ። አራት ላይ ስደርስ የእናቴ ቀኝ ክንድ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሦስት ላይ ወደኔ ዞረች። አፏ ሄዷል። አዳዳ እንዳሳየችኝ፣ ልክ እንደዚያው፣ ወደ ጆሮዋ ሄዷል። ከዚያ በጉልበቷ፣ ከዚያ በጎኗ ወደቀች። ቢጫዋ ግን "ዋን!" ብላ እያጨበጨበች ሳቀች።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን ማንም አላዘዘኝም። መቀርቀሪያውን አነሳሁ፣ መስኮቶቹን ሁሉ በረገድኩ፣ በሩን ከፍቼ "እማዬን! እማዬን!" እያልኩ ጮህኩ። ንፋሱ ተንጋግቶ ገባ፤ መጋረጃው ጣሪያ ነካ፣ የፈተና ወረቀቶቹ ሳሎኑን ሞሉት። ቀድማ የደረሰችው ጎረቤታችን እትዬ ሮማን ነበረች። ከደጃፉ ሆና በላብ የራሰችውን እናቴን አየች፣ የተበረገዱትን መስኮቶች አየች፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ውይ በሞትኩት! ላብ ላይ እያለች ንፋስ መታት! ንፋስ መታት!"

ከኋላዋ የመጡት ሁሉ ያንኑ ተቀበሏት። ሁለት ጎረምሶች አንስተው ባጃጅ ውስጥ ሲያስገቧት፣ ሰፈሩ ሁሉ እየተላቀሰ፣ አንዱ ለሌላው ያንኑ ይነግራል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መስኮቱ ዝግ እንደነበር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሷም ሱዚ የምትዘል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች።

አልሞተችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙ ለአባዬ በግልጽ ነገረው፤ ደም ብዛቱ ነው፣ ሙቀቱና ድካሙ አባብሶት ይሆናል፣ ኪኒኑን አንድ ቀን እንዳታቋርጥ፣ ሁለተኛ ከመጣ እንዲህ አይምርም። አባዬ ሰማ። ሰፈሩ ግን አልሰማም፤ ሐኪሙ አፏ መሄዱን አላየም እንዴ፣ አፍ የሚያጣምም ንፋስ እንጂ ምን አለ! አዳዳም ሰምታ በማግስቱ ደረሰች። እናቴን ዓይታ አለቀሰች፤ ከዚያ ወደኔ ዞራ "መስኮቱን ማነው የከፈተው?" አለችኝ። በዚያች ቅጽበት፣ ከወደቀች በኋላ ሰው የሚረዳው ቃል ያላወጣችው እናቴ፣ ከትራሷ ላይ ሆና፣ በተጣመመ አፏ፣ እየተንተባተበች መለሰችላት። "እ... እኔ። እኔ ነኝ። ልጄን አትቆጧት። ጥፋቱ የ... የኔ ነው።"

የእናቴ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር። እኔን ለማዳን የተናገረችው።

አዳዳ ዲስኩን ሰብራ ሽንት ቤት ጨመረችው። የመስኮቶቹን ስንጥቅ በጨርቅ ጠቀጠቀች። እናቴ ከወራት በኋላ ተነሳች፤ አፏ ተመለሰ፣ ከግራ ዓይኗ በቀር፣ እሱ እስካሁን በደንብ አይከደንም። እግሯ ይጎተታል፣ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ማስተማሩን ተወች፤ መዘምራንንም ተወች፤ አዳራሹ መስኮቱ ብዙ ነዋ። ክፍሏን ዘግታ መኖር ጀመረች። ውጪ ከወጣች ጆሮዋን ተከናንባ፣ ግንብ ግንቡን ይዛ ነው። ከተማችን ደግሞ የንፋስ ከተማ ናት፤ ይኸው ዛሬ ኮረብታው ላይ ነጫጭ ማሽኖች ተተክለው ንፋሱን እየቀዘፉ መብራት ያመነጫሉ። እናቴ ከሩቅ ስታያቸው ፊቷን ታዞራለች።

ልናገር ሞክሬ አውቃለሁ። ፓፓያው ሥር አባዬን "አባዬ፣ ያን ቀን መስኮቱ..." ብዬ ስጀምር ደረቱ ላይ ለጠፍ አድርጎኝ "ያለፈ አለፈ የኔ ልጅ፣ እንኳን ተረፈችልን" አለኝ። አፌን ያዝኩ። አባዬ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያለ የሚሰብክ ሰው ነበር፤ የኔን ሳይሰማ አረፈ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ ደግሞ። ውሸት ነው። የኔ ዝምታ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነቅዝ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሻይ እየጠጣች ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። "አዳለጠኝ" አለች። እኔ ግን ጣቶቿን ነው ያየሁት፤ ብርጭቆው ከወደቀ በኋላ እንኳ እንደያዙት ነበሩ። ትናንት አንሶላዋን ስቀይር ፍራሹ ሥር እጄ አንድ ነገር ነካ። በየወሩ ከፋርማሲ የማመጣላት የደም ግፊት ኪኒን ነው። እሽግ በእሽግ። አንዱም አልተነካም። "ምንድነው ይሄ እማዬ?" ስላት አልደነገጠችም። "የኔ በሽታ ንፋስ ነው ልጄ። ለንፋስ ኪኒን የለውም። መስኮቱን ከዘጋሁ ምንም አልሆንም" አለችኝ፤ እንደ ሞኝ እያየችኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። በልጅነቴ የነገርኳት አንድ ቃል፣ "ክፍት ነው" ያልኳት ያ ቃል፣ እስከዛሬ ፍራሿ ሥር ተኝቶ ኖሯል።

ዛሬ ጠዋት እንደወትሮው ስልኬን አስደገፍኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ጀመርኩ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ በሩ ሲጢጥ አለ። ተከናንባ መጣች። ቀጭ። "ላብ ላይ ነሽ ልጄ" ብላ ልትመለስ ስትል ስልኩን አጠፋሁት።

"እማዬ፣ ያን ቀን መስኮቱ ዝግ ነበር" አልኳት።

ቆመች።

"አንቺ ከፍተሽው ነበር። እኔ ዘጋሁት። ንፋስ አልመታሽም እማዬ፤ ንፋስ ጭራሽ አልነበረም። የከፈትኩት ከወደቅሽ በኋላ ነው።"

የማይከደነው ግራ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። "ጠይቄሽ ነበር" አለች። "ክፍት ነው ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።"

"ዋሸሁሽ።"

ጥፊ ጠበቅኩ። ልቅሶ ጠበቅኩ። እርግማን ጠበቅኩ። እሷ ግን ወደ ሶፋው ሄዳ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ የተንቀጠቀጠ እጇን በደህናው እጇ ይዛ መስኮቱን ማየት ጀመረች። ያን ጊዜ አብረን ስንዘል ክፍሉ ትልቅ ነበር፤ እሷም ትልቅ ነበረች። አሁን ሶፋው ውስጥ ጠፍታለች። ያኔ እኔን የሚያስፈራኝ ንፋሱ ነበር፤ ዛሬ የሚያስፈራኝ ጸጥታው ነው።

"ክፈቺው" አለችኝ።

"እማዬ፣ ግዴለም፣ ቀስ በቀስ..."

"ክፈቺው አልኩሽ።"

መቀርቀሪያውን አነሳሁና ሁለቱንም መዝጊያ በረገድኩት። ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገፈፈችው። ፀጉሯ እንደዚህ መሸበቱን አላውቅም ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፣ ግራው እንደወትሮው ሳይገጥም ቀረ፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ጥፊ እንደሚጠብቅ ልጅ ፊቷን አጨማደደች። ንፋሱ ገባ። አዋራ አዋራ የሚል፣ ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ያው የሰፈራችን ንፋስ ነው። መጋረጃው ትከሻዋን ነካት። ነጩ ፀጉሯ ተነስቶ ግንባሯ ላይ ወደቀ። ከመንገዱ የጋሪ ቃጭል ይሰማል። እሷ አሁንም ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ።

ቆይታ፣ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች።

"ይኸው ነው እንዴ?" አለችኝ።

"ይኸው ነው እማዬ።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች የሚንቀጠቀጥ መዳፏን ዘረጋችልኝ። "እንግዲያው ያን ኪኒን አምጪው።"